የገመዱ ሌላ ጫፍ

"አትንቀሳቀሺ። ያኤልዬ፣ ግድግዳውን እንዳትነኪው።"

ግዛው ጭቃው ላይ በሆዱ ተኝቷል። ወደ ጉድጓዱ አፍ በተጠጋ ቁጥር ጥቁሩ አፈር እየተቆረሰ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች ደግሞ የስድስት ዓመት ልጁ አለች።

"አባዬ፣ አለህ?"

"አለሁ።"

"አላይህም።"

"እኔም አላይሽም። እዚሁ ነኝ ግን።"

"ውሃው ጉልበቴ ጋ ደርሷል።"



ጉድጓዱን የቆፈረው ራሱ ነው። ሀና ማርያም አካባቢ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ሰው ሁሉ የግዛውን ላብ ጠጥቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለገዛ ግቢው የጀመረውን ግን የዘንድሮው የሰማንያ ስምንት ክረምት ቀደመውና ከሁለት ሰው ቁመት እንዳለፈ አቆመው። በቆርቆሮ ከደነው፤ በላዩም ትልቅ ድንጋይ ጫነ። ትናንት ነፋሱ የኩሽናውን ጣሪያ ሊገነጥለው ሲል ያንኑ ድንጋይ አንስቶ ጣሪያው ላይ አስቀመጠው። ነገ ሌላ አመጣለሁ ብሎ ነበር። ዛሬ ከሰዓት ያኤል ዶሮ ስታባርር ቆርቆሮውን ረገጠችው። የታችኛው ጭቃ ባይቀበላት ኖሮ ድምፅዋንም ባልሰማ ነበር። ድንጋዩ አሁንም ኩሽናው ላይ ቁጭ ብሏል፤ ግዛው ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

ሚስቱ ትሩፋት ስልክ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ሮጣለች። በነሐሴ እንኳን መኪና ሰውም ጫማውን ጭቃው ውስጥ ጥሎ ነው ወደዚህ ሰፈር የሚገባው። ሁልጊዜ ገመድ የሚይዝለት ባልደረባው በንቲ ክረምቱን ሊያሳልፍ ሰበታ ቤተሰቦቹ ጋ ሄዷል። ግቢው ውስጥ ገመድ የሚታሰርበት ዛፍ የለም፤ የተሰበሰቡትም ደረታቸውን የሚመቱ ሴቶችና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ዘሎ ቢገባ አፈሩን ይዞባት ነው የሚወርደው። ሊወርድ የሚችለው በገመድ፣ ቀስ ብሎ ነው።

በገመድ ሲወርድ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። የላይኛውን ጫፍ ራሱ አስሮ፣ ራሱ ጎትቶ ካልፈተነ እግሩን አያነሳም። በንቲ ያሰረውን እንኳ ፈትቶ እንደገና ያስረዋል። "አንተ ጴንጤ ነኝ ትላለህ እንጂ ጌታንም አታምነው" እያለ በንቲ ይስቅበታል።

"ገመዱን ስጠኝ" አለ አንድ ድምፅ።

ጎረቤቱ ገብረ መድኅን ነው። ከፍልሰታ ቅዳሴ ሲመለስ ጩኸቱን ሰምቶ፣ ነጠላውን መስቀለኛ እንዳጣፋ ገባ። ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው፤ ትከሻውን ያሰፋው ኩንታል ነው። ከግዛው ጋር ሰላምታ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የረቡዕ ማታ ጸሎታችሁ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ ቀበሌ ከሶት ነበር። ከቀበሌ ሲወጡም፣ "ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም" አለው። ይህን ተረት ለግዛው ያልተረተበት የሰፈር ሰው የለም። የገብረ መድኅን ግን እስከ ዛሬ ከጉሮሮው አልወረደለትም።

"ጾመኛ ነህ" አለው ግዛው። "እህል አልቀመስክም።"

"አልቀመስኩም።"

"ብትንሸራተትስ?"

"ገመዱ ወገቤ ላይ ነው የሚታሰረው። ከተንሸራተትኩ ተከትዬህ እገባለሁ።"

አንድ ጓል አፈር ተገምሶ ወረደ። ውሃው ሲንቦጫረቅ ተሰማ፤ ያኤል ጮኸች። "አባዬ፣ አለ—"

"አለሁ፣ አለሁ ልጄ።"

ግዛው ፈራ። እንዲህ ያለ ፍርሃት በሕይወቱ ፈርቶ አያውቅም። ሊጸልይ ፈለገ፤ ቃል ከዳው። እሱ ሁልጊዜ "ጌታ ሆይ" ነው የሚለው። የሚያውቀው አባት አለንጋ ይዞ በር ላይ የሚጠብቅ ነበርና ሰባኪው "እግዚአብሔር አባት ነው" ባለ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። አሁን ግንባሩን ጭቃው ላይ ደፍቶ ሲፈልግ፣ ያገኘው ከልጁ አፍ የሰማውን ብቻ ነው።

"አባዬ፣ አለህ?" አለ በሹክሹክታ።

ከካፊያው በቀር የመጣ ነገር የለም። ግን ያኤልም እሱን አታየውም። እዚያ ታች ሆና ከጥቁር ግድግዳና ከቁራሽ ሰማይ ሌላ የሚታያት የለም፤ እሱ ግን ከዚህ ቢገድሉትም አይነሳም። ድንጋዩን ያነሳው እሱ፣ ይህ ጅል አባት እንኳ እንዲህ ከሆነ... ሐሳቡን አልጨረሰውም። ብቻዬን ነኝ የሚለው ስሜት ግን ለቀቀው፤ እንባውም ያን ጊዜ መጣ።

ገመዱን አንስቶ ለገብረ መድኅን ሰጠው። ገብረ መድኅን ነጠላውን ወገቡ ላይ ጠመጠመና ገመዱን በላዩ አሰረው። እግሩን የቤቱ የድንጋይ መሠረት ላይ ተከለ። ሴቶቹ ከኋላው ትርፉን ገመድ ያዙ።

"ና ፈትነው" አለ። "ሕግህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አልቀየምህም።"

ግዛው ሌላውን ጫፍ ብብቱ ስር አዙሮ አሰረ። ገብረ መድኅን ወገብ ላይ ያለውን ቋጠሮ ከሩቅ አየው። እጁ ወደዚያ ሊሄድ ሲል ያዘው።

"አባዬ፣ አለህ?" ድምፅዋ ደክሟል።

"አለሁ። አሁን እቀርብሻለሁ። ፊትሽን በእጅሽ ሸፍኚ፣ እሺ?"

"እሺ።"

ዓይኑን ከቋጠሮው አነሳ። ሳይፈትነው በሆዱ ወደ ኋላ ተንሸራተተና እግሮቹን ባዶው ውስጥ ለቀቀ። ገመዱ ተወጠረ።