አሥራ ሁለት ኳስ

ቪዶዬ የጡረታ ገንዘባቸውን ሰጥቶ መዝገቡን ሲያስፈርማቸው፣ ወይዘሮ ዝላታ ብዕሩን እንደያዙ ቀና አሉ።

"ያ ኳስ ተጫዋቹ ቩካን በሰማንያ ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ አሉ። ያሰለጠንከው አንተ አልነበርክ እንዴ?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ቴሌቪዥን ላይ የቀረበው የማዶው ቶዶር ነው እኮ።"

ቪዶዬ መዝገቡን ተቀብሎ የፖስታ ሞተሩን አስነሳ። ከጧት ጀምሮ ይህን የጠየቁት አራተኛዋ ሰው መሆናቸው ነው። ዳቦ ጋጋሪው ቩካንን የሸጠው የጀርመን ክለብ በዚያ ገንዘብ መንደሩን ከነአሳማው ገዝቶ መልስ እንደሚተርፈው ነግሮት ስቋል። ቪዶዬ አልሳቀም። ሰማንያው ሚሊዮን ግድ አልሰጠውም፤ የሩቅ ሰዎች ገንዘብ ነው። የሚያንገበግበው ከድልድዩ ማዶ ያለው ክለብ አሰልጣኝ ቶዶር ነበር። ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ ያንን ራሰ በራውን እያሻሸ "ልጁ ገና ሲመጣ ዓይኑን አይቼ አወቅኩት" ሲል፣ ቪዶዬ የጎመን ሾርባውን ትቶ ተነስቷል። እንቅልፍም አልወሰደው።

ሌስኮቫ መንደር ውስጥ አንድ ፖስተኛ፣ አንድ የእግር ኳስ ክለብና አንድ የክለብ ማኅተም አለ። ሦስቱም በቪዶዬ እጅ ናቸው። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ለጠየቀው ሁሉ የሚናገረው አንድ ታሪክ ነበር፤ ቶዶር ድልድዩን ተሻግሮ፣ ገና የውድድር ዓመቱ ሳይጀምር፣ በመስከረም፣ ልጁን አባብሎ ሰረቀኝ የሚል። ደጋግሞ ከማውራቱ የተነሳ እሱም ራሱ ሊያምነው ምንም አልቀረው።

እኩለ ቀን ላይ የክለቡን ክፍል ሲከፍት ቶዶር ደጃፉ ላይ ፋይል ይዞ ተቀምጧል። ቡና እንኳ ሳይጠብቅ ነገሩን አስረዳ። ሕጉ አንድ ተጫዋች በተሸጠ ቁጥር ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ላሳደጉት ክለቦች ከዋጋው ላይ ድርሻ ይሰጣል። ወረቀቱ ዛሬ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ፌዴሬሽኑ ጋ መድረስ አለበት። የሌስኮቫ ድርሻ፣ ልጁ እዚህ በቆየባቸው ወራት ልክ፣ መቶ ሺህ ዩሮ ያልፋል።

ከዚያ አንድ ያረጀ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ የቩካን መልቀቂያ ነበር። ጽሕፈቱም ማኅተሙም የቪዶዬ ነው። የቀኑ ቦታ ግን ባዶ ነው። በዚያ አካባቢ እንዲያ ነበር ልማዱ፤ መልቀቂያ ሲሰጥ ቀኑ አይጻፍም፣ ተቀባዩ ክለብ እንደሚመቸው በኋላ ይሞላዋል።

"ለምን ራስህ አልሞላኸውም?" አለ ቪዶዬ።

"የጻፍከው አንተ ነህ። ቀኑንም የምታውቀው አንተ ነህ።"

ቶዶር መስከረም ብሎ ቢሞላው ኖሮ ልጁ አሥራ ሁለት የሞላበት ያ ዓመት በሙሉ ለማዶው ክለብ ይሆን ነበር። አላደረገውም። ይህ ቪዶዬን ይበልጥ አበሸቀው፤ ሰውዬው ሌባ ቢሆንለት ይሻለው ነበር። ቶዶር ከፌዴሬሽኑ የመጣውን አዲስ ቅጽ ከጎኑ አስቀምጦ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ። ቅጹ ላይ ሁለት ባዶ መስመር ነበር፤ የተለቀቀበት ቀን፣ በምትኩ የተሰጠ ነገር።

መስከረም ብሎ ቢጽፍ ታሪኩ እንደቆመ ይቀራል፤ ክለቡ ግን ሰባራ ሳንቲም አያገኝም፤ ልጆቹም በክረምት በቀዝቃዛ ውሃ መታጠባቸውን ይቀጥላሉ። እውነቱን፣ መጋቢት ብሎ ቢጽፍ ገንዘቡ ይመጣል፤ ውሸታምነቱም አብሮ ይመጣል። ሦስተኛም መንገድ ነበር። ማኅተሙን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ዝም ማለት፤ ያኔ የዚያን ዓመት ድርሻ ቶዶርም አይበላው፣ ማንም አይበላው። ይሄኛው ነበር የጣመው። እጁ ቁልፉ ላይ ነበር።

የገዛ ልጁ ራስትኮ ሜዳው ላይ የኖራ መስመር ሲያሰምር ቆይቶ እጁ እንደነጣ ገባ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ይሠራል፣ እሁድ እሁድ ለክለቡ ተከላካይ ሆኖ ይጫወታል። ወረቀቶቹን ቆሞ አነበባቸው።

"ምን ብለህ ልትጽፍ ነው?"

"መስከረም ነዋ። ሌላ ምን አለ?"

ራስትኮ እጁን በሱሪው ጠረገ።

"አባዬ፣ ቩካን የሄደ ቀን ልምምድ ስመጣ በረዶው ገና ከሜዳው አልለቀቀም ነበር። እሱ የለም። የኳስ መያዣው መረብ ውስጥ ግን አሥራ ሁለት አዲስ ኳስ ነበር።"

የቪዶዬ ፊት ደም መሰለ። "ታውቅ ነበር?"

"የእሱን የአጥቂ ማልያ፣ ዘጠኝ ቁጥሩን ለኔ ስትሰጠኝ ገባኝ። እሱ እያለ እኔ አጥቂ አልሆንም ነበር።"

"እና ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልክ?"

"በጣም ደስ ብሎህ ነበራ።"

 ራስትኮ በዘጠኝ ቁጥር ማልያ ያንን ዓመት ሙሉ ያገባው አንድ ጎል ነበር፤ እሱንም በፍጹም ቅጣት ምት።

"አትቀናበትም?" አለ ቪዶዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"መጀመሪያ ላይ ቀንቼ ነበር። ከዚያ ሥራ ገባሁ።"

ቶዶር ተመልሶ ሲገባ ቪዶዬ ብዕሩን አንስቶ ነበር። በመጀመሪያው መስመር ላይ መጋቢት ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ።

"እሱን መሙላት ግዴታ አይደለም፣ ዝለለው" አለ ቶዶር። "ገንዘቡን አያስቀረውም።"

የቶዶር ደግነት እንደገና አበሸቀው። ቪዶዬ ቀና ብሎም አላየው። በትልልቁ "አሥራ ሁለት ኳስ" ብሎ ጻፈና ማኅተሙን ረገጠበት። ቶዶር ፋይሉን ይዞ ወደ መኪናው ሮጠ።

የቅጹ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ራስትኮ አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ሊከተው ሲል አባቱ ከእጁ ወሰደበት። ለባለቤቶቻቸው ገና ያልደረሱ ሰባት ደብዳቤዎች ቦርሳው ውስጥ ነበሩ። ቢሆንም በመጀመሪያ ወደ በሩ ወጣና፣ ሰዉ ሁሉ የእሁዱን አሰላለፍ ከሚያነብበት ሰሌዳ ላይ ወረቀቱን በአራት ሚስማር ለጠፈው።