በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው

አቶ ዓባይነህ ጠዋት ጠዋት ወደ ልደታ ማርያም ሲወርዱ ደረጃውን ሆን ብለው በጫማቸው ያንኳኳሉ። በጎህ ሰዓት ኮቴውን አጥፍቶ የሚሄድ ሰው፣ ያውም እሳቸው ከሆኑ፣ የኮንዶሚኒየሙን ሰው ልብ ያቆማል። የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ነውና በየቀኑ ስድስት በር ማለፍ አለባቸው። ከየበሩ ጀርባ አንዲት ሴት ትንፋሿን ይዛ እሳቸው እስኪያልፉ እንደምትጠብቅ ያውቃሉ። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ፤ አሁን የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው። በዚህ ብሎክ ሰው ሲሞት መርዶውን የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። አንደበታቸው ለስላሳ ነው፣ ሰው አያስደነግጡም እየተባሉ ሥራው እንደ ርስት ተጣለባቸው። ማንም ግን ቡና ጠጡ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም። ይህ ያንገበግባቸዋል።

ከስድስቱ በር የሚከብዳቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የወይዘሮ ደሚቱ በር ነው። ከአራት ዓመት በፊት ልጇ ገዳ በአዋሽ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ሲሞት፣ አቶ ዓባይነህ እንደ ወጉ አስቀድመው ማታውኑ ብቻቸውን ሄዱ። “ገዳ ትንሽ አሞት አዳማ ሆስፒታል ገብቷል፣ ደህና ነው” አሏት። ስታፈጥባቸው በልደታ ማሉላት። ከዚያ አብረዋት ቁጭ ብለው እራት አስበሏት፤ ሰው ባዶ ሆዱን መርዶ አይነገረውማ። ደሚቱ ልጇ ደህና ነው በመባሏ ደስ ብሏት አጎረሰቻቸው። ሲነጋ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ተመልሰው በሯን አንኳኩ። ያቺ ጉርሻ እስከ ዛሬ ከጉሮሯቸው አልወረደችም።

እንግዲህ በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ፣ የደሚቱ የቀረች አንዲት ልጅ ለሊሴ፣ ወረቀት ይዛ እሳቸው ቤት መጣች። ለሊሴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት። የዓመት ፈቃዷን አጠራቅማ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ልትሄድ ነው። እናቷ እሺ እስክትል ሁለት ወር ፈጅቶባታል። አስጎብኚ ድርጅቱ ደግሞ ኢንሹራንስ ያልገባ ሰው አልወስድም ብሏል።

“ጋሼ፣ እርስዎ ወረቀት ያውቃሉ። እስቲ አንዴ ይዩልኝ” አለች።

አቶ ዓባይነህ መነጽራቸውን አድርገው ውሉን እንደ ፍርድ ግልባጭ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ጫኑበት። “ይሄ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ አይሸፍንም። የሳነቴ አምባ ከፍታው ስንት ነው?”

“አራት ሺህ ያልፋል።”

“በይ እንግዲያው፣ ቀይ ቀበሮ ስታዪ ብትወድቂ ለነሱ አልወደቅሽም ማለት ነው። አስተካክሉልኝ በያቸው።”

ለሊሴ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ፤ ለረጅም ጊዜ ከሰው ጋር እንዲህ ተቀምጠው ስለ ሕያው ሰው ጉዳይ አላወሩም ነበር። ስለ ሐረና ጫካ ጠየቋት፣ ወፍራም ካልሲ እንድትይዝ መከሯት። የመጨረሻው ገጽ ላይ “በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው” የሚል ባዶ መስመር ነበር።

“እዚህ ላይ እርስዎን ልጻፍ ጋሼ?” አለች። “እማዬ ከገዳ ወዲህ ከማታውቀው ቁጥር ሲደወልላት አታነሳም። እርስዎ ደግሞ እንዴት እንደሚነገራት ያውቃሉ።”

ልጅቷ ያለችው በአክብሮት ነው። እሳቸው ግን ሌላ ሰው ፈልጊ ሊሏት አፋቸውን ከፈቱና ማንን ፈልጊ እንደሚሏት አጡ። ስልክ ቁጥራቸውን በራሳቸው እጅ ጻፉላት።

ለሊሴ ውሉን አሳርማ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ከፓርኩ መግቢያ፣ ከዲንሾ ደወለች፤ በሁለተኛው ቀን በጭጋግ መካከል የተነሳችውን ፎቶ ላከች። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የአቶ ዓባይነህ ስልክ ጠራ።

“የለሊሴ ጂራታ ተጠሪ ነዎት? ከኢንሹራንስ ነው የምደውለው” አለች አንዲት ሴት።

ከመቀመጫቸው ተነሱ። “በሕይወት አለች?”

“አዎን አባቴ። እርጥብ ድንጋይ አንሸራቷት እግሯ ተሰብሯል። ጎባ ሆስፒታል ናት፣ እየታከመች ነው። ስልኳ ስለተሰበረ ነው እኛ የደወልነው።”

ሦስት ጊዜ መልሰው ጠየቁ፣ ሦስት ጊዜ በሕይወት አለች ተባሉ። እንባቸው መጣ። ስንት ዓመት ሙሉ ሞት ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው፣ ዛሬ ገና ሕያው ሰው ይዘው ሊሄዱ ነው። ደሚቱ በየማታው ለልጇ ትደውላለች፤ ስልኩ ዝግ ሲሆንባት ብቻዋን ከምትሸበር አሁኑኑ ልትሰማ ይገባል አሉ።

መርዶ እንዳይመስልም የሚያውቁትን ሁሉ ገለበጡት። በጠራራ ፀሐይ ሄዱ። ሽማግሌ ሳያስከትሉ ብቻቸውን ሄዱ። ጋቢውን ትተው ለሠርግ የሚለብሱትን ቡናማ ኮት ለበሱ። ከታች ካለው ሱቅ አንድ ኪሎ ብርቱካን ገዝተው፣ ደረጃውን እያንኳኩ ወጡ።

ደሚቱ በሩን ስትከፍት ብርቱካኑን አየችና ፊቷ ፈታ አለ። “ግቡ እንጂ አቶ ዓባይነህ። ምን ተገኝቶ ነው?”

ገብተው ተቀመጡ። ልጅሽ እግሯን ተሰብራለች፣ ደህና ናት ሊሉ ነበር፤ በደረጃው ላይ አሥር ጊዜ ደጋግመውታል። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የለመደው ምላሳቸው ቀደማቸው።

“ምሳ በልተሻል?”

የደሚቱ ፊት አመድ ሆነ። ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

“ለሊሴ ምን ሆነች?”

“ምንም አልሆነችም። እግሯን ትንሽ…”

“ሆስፒታል ገብታለች። ደህና ናት። አይደል?” አለች ደሚቱ። ድምጿ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

“አዎ” አሉ፤ ምን ይበሉ፣ እውነቱ እሱ ነው። “በልደታ እልሻለሁ፣ በሕይወት አለች።”

“በገዳ ጊዜም በልደታ ምለውልኝ ነበር።”

ይህን ብላ ሻሿን ከራሷ ላይ ገፍፋ ጣለችው። በኦሮምኛ “ለሊሴ ኮ!”፣ የኔ ለሊሴ፣ የሚለው ጩኸቷ በደረጃው አስተጋብቶ ምድር ቤት ደረሰ። በሮች ተከፈቱ። የገቡት ጎረቤቶች አቶ ዓባይነህን ቤቱ መሃል ቆመው አዩአቸው፤ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም። እሳቸውን ማየት በቂ ነበር። “አልሞተችም! እግሯ ነው!” ብለው ቢጮሁ፣ አንዷ ሴት “እንግዲህ ሊያለዝቡላት ነው” ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። የእድሩ ንብረት ያዥ በሱፍቃድ እያለከለከ መጥቶ በጆሯቸው፣ “ድንኳኑን የት እንትከለው?” አላቸው።

“አትትከል! ልጅቷ አለች እኮ!”

በሱፍቃድ በሐዘኔታ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ወረደ። ወደ ኢንሹራንሱ ደወሉ፤ መስመሩ ተይዟል። ደግመው ደወሉ፤ ተይዟል። ደሚቱ ደረቷን እየመታች የልጇን ስም ትጠራለች፤ ሴቶቹ ይቀበሏታል። አቶ ዓባይነህ ሲያዳምጡት እሳቸውም መጠራጠር ጀመሩ። የኢንሹራንሷ ሴትዮ በስልክ ያለችው እሳቸው ለሰው የሚሉትን ነበር፤ ቃል በቃል። እነሱም ተጠሪውን የሚያለማምዱ ቢሆንስ? ነገ ሲነጋ ደውለው የቀረውን ሊነግሩኝ ቢሆንስ?

ስልኩ እጃቸው ላይ ነዘረ። የማያውቁት ቁጥር ነው። ድምፅ ማጉያውን ከፍተው ወደ ላይ አነሱት።

“ጋሼ፣ ለሊሴ ነኝ። በነርሷ ስልክ ነው። ለእማዬ ነገሯት እንዴ?”

አጠገባቸው ያሉት ዝም አሉ። ከኋላ ያሉት ግን አልሰሙምና ልቅሶው ቀጠለ።

“ምንድን ነው የምሰማው? ማን ሞቶ ነው?” አለች ልጅቷ።

ደሚቱ ዓይኗን ጨፍና አሁንም የልጇን ስም እየጠራች ነበር፤ ለሊሴ ጎባ ላይ ተኝታ ሰማችው።

“ጋሼ” አለች። “እኔን ነው እንዴ የምታለቅሱት?”

ያኔ ልቅሶው በሙሉ ቆመ። ደሚቱ ዓይኗን ገልጣ ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለች። የልጇን ትንፋሽ አዳመጠች። “አለሁ እማዬ፣ እግሬ ነው፣ አለሁ” ትላለች ለሊሴ እያለቀሰች። ከዚያ እናቲቱም አለቀሰች፤ ይሄኛው ልቅሶ ሌላ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው አንድ በአንድ ወጡ። ሲያልፉ አቶ ዓባይነህን ቀና ብሎ ያየ የለም።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። አቶ ዓባይነህ ሊወጡ በሩን ያዙ።

“አቶ ዓባይነህ” አለች ደሚቱ። አልተቆጣችም፤ ደክሟት ነበር። “በገዳ ጊዜ ስላሉኝ ነገር አልቀየምኩም፤ ወጉ ነው። ዛሬ ግን እውነቱን ነግረውኝ ልጄን ቀበርኳት፤ እሷም ሰማችኝ። ከእንግዲህ መጥተው ደህና ናት ቢሉኝ፣ እውነት መሆኑን በምን ልወቅ?”

አቶ ዓባይነህ እጃቸውን ከበሩ ላይ አነሱ።

“እኔን ማመን ይቅርብሽ” አሉ።

“እሺ” አለች ደሚቱ፤ ሻሿን ከወለሉ አንስታ ማሰር ጀመረች።