የሚስተር ኬር ጀርባ

ባለቤቴ ትርፌ ቆሻሻ አይታ ማለፍ አይሆንላትም። በእንግድነት የሄድንበት ቤት እንኳ ሲንኩን ፈግፍጋ ነው የምትወጣው። ይህ አመሏ አንድ ቀን ጉድ እንደሚያደርጋት አውቅ ነበር፤ ጉድ ያደረጋት በስደት በምንኖርበት አገር፣ ሴንቴኒያል በሚባል ሰፈር፣ ሚስተር ኬር ቤት ነው።

ሚስተር ኬር እሷ የምትንከባከባቸው ስኮትላንዳዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲያረጁ ሴት ልጃቸው ዘንድ መጡ። በልጅነታቸው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ገብተው፣ ማታ ማታ ተምረው መሐንዲስ ሆኑ። ከዚያ የዚያው ማዕድን ኃላፊ፣ በመጨረሻም የአንድ ትልቅ ብረት ፋብሪካ የበላይ። እኔ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ሱፐርቫይዘር ለመሆን ስንት ዓመት ደጅ እንደጠናሁ ስለማውቅ፣ እሳቸውን ሳይ አፌን ይዤ ነበር የምቆመው።

ሽማግሌው ገላቸውን የሚታጠቡት ብቻቸውን ነው። ጀርባቸውን ለማጠብ የሞከረች ሠራተኛ መባረሯን ልጅየዋ ለትርፌ ነግራታለች። ያን ቀን ግን ትከሻቸውን አሟቸው እንድታግዛቸው ጠሯት። ጀርባቸው ላይ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ አየች። ማስጠንቀቂያውን ረስታ በሳሙና ትፈገፍገው ጀመር። “ተይው፤ ውጪልኝ” አሏት።

ልወስዳት ሄጄ መኪናዬ ውስጥ ስትገባ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

“በቃ ፋየር ሊያደርጉኝ ነው። ሥራ ያስገባኝ ኤጀንሲ ደግሞ ሌላ ሥራ የለውም” አለች።

ቻምበርስ ሮድ ያለው ቤታችን የቆመው በሁለታችን ደመወዝ ነው። ይቅርታ ጠይቂ ብላት፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም አለችኝ። እኛ አገር የበደለ ሰው ብቻውን ይቅርታ አይጠይቅም፤ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። ሴንቴኒያል ውስጥ ሽማግሌ ከየት ይምጣ? በማግስቱ ጠዋት ራሴ ሽማግሌ ሆኜ ተከተልኳት።

ሚስተር ኬር መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ትርፌ ጎንበስ አለች።

“ቆሻሻ መስሎኝ ነው፤ ንቅሳት መሆኑን አላወቅኩም። የእናቴም አንገት ላይ አለ። በመርፌ ወግተው ጥላሸት ይሞሉታል።”

ሚስተር ኬር ከመስኮቱ ዞሩ።

“ንቅሳት ነው። የነቀሰኝ ከሰሉ ነው” አሉ።

በልጅነታቸው ጉድጓዱ ሲደረመስ፣ አብሯቸው ይሠራ የነበረው ታላቅ ወንድማቸው ገፍትሮ አወጣቸው። የጀርባቸው ቁስል የከሰሉን ብናኝ እንደያዘ ዳነ። ወንድማቸው ግን እዚያው ቀረ፤ አስከሬኑም አልወጣ። ኋላ ያ ጉድጓድ ለዘለዓለም እንዲዘጋ ሲወሰን፣ የፈረሙት ራሳቸው ነበሩ። ባዳ እንዲዘጋበት አልፈለግኩም አሉን። ከወንድማቸው የቀራቸው ጀርባቸው ላይ ያለው ብቻ ነው።

እኔ ሥልጣናቸውን ሳደንቅ፣ ሰውዬው ያን ሁሉ ዘመን በየስብሰባው ከሱፋቸው ሥር ወንድማቸውን አዝለው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሚስተር ኬር ተነስተው ወደ መታጠቢያ ቤቱ አመሩ። በሩ ላይ ሸሚዛቸውን ለማውለቅ ሲሞክሩ ትከሻቸው እምቢ አላቸው፤ ትርፌ ሮጣ ደረሰችላቸው። ጀርባቸውን ሰጧት።

“ቀስ አድርገሽ ሁለታችንንም እጠቢን” አሉ።