በረዶን ያቀለጠው ደሞዝ

ሰፈር ውስጥ "በረዶ" ነው የሚሉት። አንድም ፍሪጅ ጠጋኝ ስለሆነ፣ አንድም ቤት ቢቃጠል "እሺ፣ ውሃ አለ?" ብሎ የሚጠይቅ አይነት ሰው ስለሆነ። ደንግጦ ያየው የለም። እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሱፐርማርኬቶችን ቀዝቃዛ ክፍል የሚጠግን ትልቅ ድርጅት ፈተነው፣ አለፈ። "ወስደንሃል፣ ስለ ደሞዝ ነገ እንነጋገር" አሉት። እዚያው ድርጅት የእህቱ ባል ሲሠራ ብዙ ዘመኑ ነው። በረዶ "ጋሼ" ነው የሚለው፤ ያሳደገውም፣ ጋዝ መሙላትና ኮምፕረሰር መፍታት ያስተማረውም እሱ ነው። ግን ኩሩ ነው ጋሼ። "ዘመዴ ነው ብለህ እንዳትናገር። በእጅህ ግባ እንጂ በእኔ እንዳትገባ" ብሎታል።

ከእራት በፊት ልምምድ ተጀመረ። እህትየው የጋሼን መነጽር አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰክታ ሥራ አስኪያጅ ሆነች።

"አንተ ልጅ፣ አስራ ሁለት ሺህ እንከፍልሃለን!"

"እሺ።"

"እሺ?!" ጋሼ ከወንበሩ ተነሳ። "እሺ ይባላል እንዴ? መጀመሪያ የተጠራ ዋጋ ዋጋ አይደለም! 'ትንሽ ከፍ ቢደረግ' በል፣ ከዚያ ዝም። አስራ አራት ላይ ትገናኛላችሁ። አስራ አምስት ካሉህማ እጃቸውን ስመህ ውጣ።"

"አንተ ብለህ ታውቃለህ?" አለች እህትየው ከመነጽሩ በላይ እያየችው።

"እኔማ... ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

"ዝንብስ አልገባም፤ ጉርሻም አልገባም!"

ሳቁ። ጋሼም ሳቀ፣ ግን ቶሎ አቆመ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ፣ ወረቀት እየፈረመች ተቀበለችው። ከጀርባዋ በመስኮቱ ግቢው ይታያል። ጋሼ ቱታውን ለብሶ አንድ ያረጀ ኮምፕረሰር ከመኪና ያወርዳል።

"እንግዲህ፣" አለች ስልኩን ዘግታ፣ "ሃያ ስድስት ሺህ ነው ያሰብንልህ።"

ክው!

ጆሮውን አላመነም። ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረችው ያቺ የተለማመዷት ነገር ብቻ ነበረች፣ እሷም ሳያዛት ወጣች።

"ት... ትንሽ ከፍ ቢደረግ።"

ወዲያው ራሱን በጥፊ ሊያጮል ምንም አልቀረው። ሴትየዋ በረጅሙ ተነፈሰች።

"በቃ ሠላሳ። ከዚህ በላይ አቅም የለኝም።"

የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ። እንኳንም ተቀምጦ ነበር!

"ግን አደራ፣ ለማንም እንዳትናገር። በተለይ እዚያ ታች ላሉት። ከሰማሁ ቅጥሩን እሰርዘዋለሁ። ነባሮቹ ያው በገቡበት ደሞዝ ላይ ናቸው፣ አዲስ ሰው ደግሞ በድሮ ዋጋ አይገኝም። አንድም ቀን መጥቶ የጠየቀኝ የለም፤ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

በረዶ በመስኮቱ አየ። ጋሼ ኮምፕረሰሩን አስቀምጦ ወገቡን እየያዘ ቀና አለ። "አስራ አምስት ካሉህ እጃቸውን ስመህ ውጣ" ያለው ለምን እንደሆነ ገና ያኔ ገባው። ለካ ለጋሼ አስራ አምስት ራሱ ሕልም ነው። ይሄኛው ድንጋጤ ከመጀመሪያው ባሰ።

"ነገ ፈርሜ አመጣለሁ" ብሎ ውሉን ይዞ ወጣ። መንገዱን እንዴት እንደሄደው አያውቅም። ቢናገር ሥራው ይሄዳል። ባይናገር ደግሞ ያሳደገው ሰው አጠገብ ቆሞ፣ ያንኑ ብሎን እየፈታ፣ ከእጥፍ በላይ ሊበላ ነው።

ቤት ሲደርስ ጋሼ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። "ስንት? ስንት አሉህ?"

በረዶ መንገድ ላይ ቀንሶ ቀንሶ ያዘጋጃትን ውሸት አወጣ። "አስራ ስምንት።"

እህትየው እልል ልትል አፏን ከፈተች። የጋሼ ብርጭቆ ግን አፉ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ።

"አስራ ስምንት? እኔ እኮ... አስራ አንድ ነኝ።"

ጉድ እኮ ነው! ሰው ቀንሶ ዋሽቶም አይተርፍም?

እህትየው ደግሞ ወንድሟን ጥርስ ሳያበቅል ጀምሮ ነው የምታውቀው። "ጆሮህ ቀላ። ስትዋሽ ነው የሚቀላው። ስንት ነው?"

"እትዬ፣ ተይኝ..."

"ስንት ነው አልኩህ!"

"ሠላሳ።"

ጋሼ ተነሳ፣ ወደ ፍሪጁ ሄደ፣ ከፈተው፣ ከዚያ ጭንቅላቱን አስገባ። እውነቴን ነው! ቲማቲሙና ወተቱ መሀል ጭንቅላቱን አስገብቶ ቀጥ አለ።

"ጋሼ፣ ይቅርብኝ። አልፈርምም።"

"ዝም በል!" አለ ድምፁ ከውስጥ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ "ምን ብለህ ነው የጠየቅካት?"

"አንተ እንዳልከኝ ነዋ።"

ጭንቅላቱን አወጣ። ዐይኑ ፈጥጧል። እህትየው አንድ ቃል ሳትተነፍስ መነጽሩን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰካች፣ ጠረጴዛውን በማንኪያ መታ መታ አደረገችው።

"ይግቡ! ምን ፈልገው ነው?"

ጋሼ እጁን አፋተገ። "ትን... ትንሽ..."

"ትንሽ?!" ጮኸችበት።

"ብዙ ከፍ ይደረግልኝ!" ብሎ አንባረቀ፣ በገዛ ድምፁም ደነገጠ።

ጠዋት ሁለቱ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ አብረው ገቡ። በረዶ ያልተፈረመውን ውል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ነግሬዋለሁ። የእህቴ ባል ነው፣ ሥራውንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ከፈለጉ ይሰርዙኝ።"

ስልኩ ከሥራ አስኪያጇ ትከሻ ተንሸራቶ ወደቀ። ጋሼ ቱታውን ጎተት ጎተት አደረገ።

"ተማሪው ሠላሳ ከሆነ፣ አስተማሪው ስንት ነው?" አለ። ከዚያ ዝም።

አፏ ተከፍቶ ቀረ። ዝንብ ቢኖር ኖሮ ሰተት ብሎ ይገባ ነበር። ግን ዐይኗ ጋሼ ላይ አልነበረም፤ በሩ ላይ ነው። በረዶ ዞር ቢል፣ ቱታ የለበሱት ነባሮች በሙሉ ከበሩ እስከ ደረጃው ድረስ ተሰልፈዋል።

"ጋሼ! ምንድነው ይሄ?"

"ምን ላድርግ፣" አለ ጋሼ በሹክሹክታ፣ "አፌ አንዴ ከተከፈተ በኋላ አልዘጋ አለኝ።"

ሥራ አስኪያጇ ቀስ ብላ ስልኩን ከመሬት አነሳችና አጠፋችው።

"ቁጭ በሉ" አለች። "ሁላችሁም።"