አንድ ቁጥር ያላቸው ራጆች

ግንበኛው ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወድቆ ወደ ክሊኒኩ ሲመጣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። አንገቱን በካርቶንና በሻሽ አስረውታል። ሚስቱ ከኋላ ከኋላው ትከተላለች። ራጅ አንሺዋ በጥንቃቄ አስተኛችውና ከመስታወቱ ጀርባ ገብታ ቁልፉን ተጫነች። ኮምፒውተሩ እንቢ አለ፤ ማስቀመጫ ቦታ አልቋል።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ዶክተሩ በበሩ ብቅ ብሎ።

«ሞልቷል፤ አልቀበልም አለ።»

«ያ ከአንቺ በፊት የነበረው ሰውዬ ሁሉን ሁለት ሁለት ጊዜ ገልብጦት የለ? ድርቡን አጥፊና ገላግይን!»

እውነቱን ነው። ሰውየውን «አቶ ምናልባት» ይሉት ነበር። «ምናልባት ቢጠፋስ» እያለ ቅጂውን በየፎልደሩ በትኖ ጡረታ ወጣ።

ወንድሟ የጫነላትን ድርብ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ከፈተች። የፋይሉ ስም የራጁ ቁጥር ነው፤ ስማቸውና መጠናቸው አንድ የሆኑትን ፈልግ አለችው። ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ደረደረላት። «ይጥፉ?» ይላል። ጣቷ ቁልፉ ላይ አረፈ፤ ሆዷ ግን አልቆርጥ አላት። እስቲ ብላ አንዱን ጥንድ ከፈተች። አንደኛው የሕፃን ክርን፣ ሌላኛው የሽማግሌ ደረት! ክው አለች።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ወንድሟ ዘንድ ደወለች።

«እታለም፣ ምነው ድምፅሽ?»

«ቁጥራቸውም መጠናቸውም አንድ፤ ውስጣቸው ግን የተለያየ ሰው ነው!»

«ማሽኑ በየዓመቱ ቁጥሩን ከአንድ ይጀምራላ! መጠኑም የሁሉም እኩል ነው። ስሙን አትመኚ፤ በይዘት አነጻጽር የሚለውን ምረጪ። ምንም እንዳታጠፊ ደግሞ፣ ወደ ፍላሽ አዛውሪ።»

«ሰውየው አንገቱ ተጎድቷል እኮ! ጊዜ የለኝም!»

«ለአንድ ሰው ስንት ቦታ ይፈጃል? የተረጋገጡ ሃምሳ ይበቁሻል። ሌላው ይደርሳል።»

አረንጓዴው መስመር እየተንፏቀቀ ሄደ። ግንበኛው አቃሰተ።

«ሰው እየተሰቃየ ከኮምፒውተር ጋር ትጫወቻለሽ?» ዶክተሩ ጮኸ።

«አንዴ ካጠፋሁት ማንም አይመልሰውም! ሁለት ደቂቃ ይስጡኝ!»

እንዲህ ተናግራው አታውቅም።

ሃምሳ አራት እውነተኛ ድርብ ተገኘ። ወደ ፍላሹ አዛወረቻቸውና ሁለት ሦስቱን ከፍታ አየች፤ ደህና ናቸው። አሁን ማሽኑ ታዘዘ። ራጁ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ የአንገቱ አጥንት ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አለች።

«የቆየች ትሆን?» አለ ዶክተሩ ዓይኑን አጥብቦ።

«ካቻምናም ወድቆ እዚሁ አንገቱን ራጅ ተነሥቷል» አለች ሚስቱ ከበሩ።

ራጅ አንሺዋ የካቻምናውን ፈለገች። ሊጠፉ ተሰልፈው ከነበሩት ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት መካከል አገኘችው። የዚያን ጊዜው አንገት እንከን የለውም።

«አዲስ ስብራት ነው! ማንም እንዳይነካው!» አለ ዶክተሩ። ግራና ቀኙን በአሸዋ ከረጢት ደግፈው፣ በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኩት።

የቀሩትን ስታጣራ ሳምንት ፈጀባት። ከዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለቱ እውነተኛ ድርብ የሆኑት ስድስት መቶ ሠላሳ አንድ ብቻ ነበሩ። ድርቦቹን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ አሳድራ፣ አንድ ወር ሙሉ የጎደለ ነገር የሚጠይቅ ሰው ሲጠፋ ደመሰሰቻቸው።

ግንበኛው ዳነ። መወጣጫ ግን ዓይኑን ማየት አይፈልግም። አሁን በር ይቀባል፤ መሬት ላይ ቆሞ።