ከፍርሃት ሌላ

አብርሆት የልቧን ምት መስማት የጀመረችው ወንድሟ ለገሰ ከሞተ በኋላ ነው። ለገሰ ደብረ ብርሃን የሚኖር ሾፌር ነበር፤ አንድም ቀን አሞኛል ሲል ያልተሰማ፣ ሳቂታ ሰው። ምሳ በልቶ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ወደቀና በዚያው ቀረ። ልቡ ነው ተባለ። አብርሆት ቀብራ፣ ሐዘን ተቀምጣ፣ ሒሳብ ወደምታስተምርበት ወደ ቦንጋ ተመለሰች። ያያት ሁሉ በረታች አለ።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዛ እንደቆመች ልቧ ያለ ምክንያት ይጋልብ ጀመር። አፏ ደረቀ፤ ጣቶቿ ደነዘዙ፤ የተማሪዎቹ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ሆነባት። እንደ ለገሰ ልሞት ነው ብላ ከክፍል ወጥታ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። አልሞተችም፤ በማግስቱ ግን ተመለሰባት። ከዚያ ወዲያ ዳገት ወጥታ ልቧ ቢፈጥን፣ ርዕሰ መምህሩ አስጠርቷት ደረቷ ቢመታ፣ ሁሉም የሞት መምጫ ይመስላት ጀመር።

ባሏ ተድላ የዚያው የቦንጋ ልጅ ነው፤ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሠራል። ሆስፒታል ወሰዳት። ሐኪሙ ልብሽ ጤነኛ ነው ቢላት አላመነችም። ነገሩን ያስረዷት በዕድሜ የገፉት ነርስ፣ ሲስተር ታንጉት ናቸው።

«ልብሽ ይሮጣል፤ አንቺ ለምን ሮጠ ብለሽ ትፈሪያለሽ። ስትፈሪ ይብስ ይሮጣል» አሏት። «ሲመጣብሽ አትሽሺው። ቁጭ በይና ከየት እንደተነሳ፣ ወዴት እንደሚሄድ ተከታተዪው።»

አብርሆት እንደተባለችው አደረገች። ፍርሃቷ ከግራ ጡቷ ሥር እንደሚነሳ፣ ጉሮሮዋ ደርሶ እንደሚያንቃት፣ ከዚያ ወደ ጣቶቿ እንደሚወርድ፣ መጨረሻ ላይ በማዛጋት እንደሚሄድ ደረሰችበት። መምጣቱ አልቀረም። እሷ ግን ለመደችው፤ ተድላም ለመደው። ፊቷ ሲለዋወጥ ካየ ሥራውን ትቶ አጠገቧ ይቀመጣል።

አገር አቀፍ ምርጫው ባለፈ በዓመቱ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የተድላ አጎት ጋሽ ወልደ ማርያም ማር ቆርጫለሁና ኑ ብለው ላኩባቸው። ቤታቸው ከቦንጋ ወጣ ብሎ፣ ማንኪራ በሚባል የጫካ መንደር ነው። ሁለቱም ጠዋት ተነሥተው፣ መኪናው እስከሚደርስበት ሄደው፣ የጫካውን መንገድ በእግር ያዙት። አብርሆትን ሰሞኑን ይደክማት ነበር። ጡቷ ያማታል፤ እህል ይሸታታል። ያው ፍርሃቴ ነው ብላ ለማንም አልተናገረችም።

ዛፎቹ ሰማዩን ከድነውታል። ከሥራቸው ኮረሪማው በርጥበት አብቦ፣ የበሰበሰው ቅጠል እግር ያዳልጣል። የአጎትየው መንደር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አብርሆት ሆዷን ይዛ ቆመች። ዛፎቹ ዞሩባት፤ ልቧም በጣም ይመታ ጀመር።

«መጣብሽ?» አላት ተድላ። ነጠላውን አንጥፎ አስቀመጣት። «በይ፣ እንደለመድነው። ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ያልፋል።»

ተነፈሰች። ዓይኗን ጨፍና ሕመሙን ከተነሳበት ፈለገችው። ከጡቷ ሥር የለም። ጉሮሮዋ አልታነቀም። የተነሳው ከታች፣ ከእምብርቷ በስተቀኝ ነው፤ ቢላ የገባ ያህል ወግቷት ነበር። አሁን ደግሞ፣ ያልተነካው ትከሻዋ ጫፉ ላይ ያማታል። ልቧ እየሮጠ ጣቶቿ ግን አልደነዘዙም፤ ብቻ በረዶ ሆነዋል። ብታዛጋም ማዛጋቱ እፎይታ አላመጣም። ይበልጥ የሚያስደነግጠው፣ ይህ ሁሉ ሲሆን አለመፍራቷ ነበር። ፍርሃቱ የመጣው ያን ካስተዋለች በኋላ ነው፤ እንደ ቀድሞው ግን አላርበተበታትም፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ውስጧ ተቀመጠ።

«ተድላ፣ ተሸክመህም ቢሆን ውሰደኝ።»

«ትንሽ ታገሺ፤ ሁልጊዜ እንዲህ...»

«ፍርሃቴን አውቀዋለሁ» አለችው ቀስ ብላ። «ይኼ እሱ አይደለም። ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ተበጥሷል።»

ተድላ ፊቷን አየ። ከንፈሯ ነጥቷል። ብትጮህ ኖሮ ምናልባት ያባብላት ነበር፤ ዝግታዋ ግን አስደነገጠው። ወደ መንደሩ እየሮጠ የአጎቱን ስም ጠራ።

ብቻዋን ስትቀር ከላይ ጉሬዛዎች ቅርንጫፍ ሲያናውጡ ሰማች። ልቧ እንደ ጥንቱ አልነበረም፤ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ እያንዳንዱ ምት ግን እየቀጠነ ነው። እንቅልፍ ያዳፋት ጀመር። ከተኛሁ አልነሳም ብላ ያን ቀጭን ምት ሙጥኝ ብላ ተከተለችው። በሕይወቷ እንዲህ የፈራችበት ቀን የለም።

ጋሽ ወልደ ማርያም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። እየተፈራረቁ ተሸክመዋት መኪና መንገድ ላይ አወጧት፤ ቡና የጫነ አይሱዙ አስቁመው ከሾፌሩ አጠገብ አስተኟት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ያገኟት ሲስተር ታንጉት ነበሩ። «ልብሽ ነው የኔ ልጅ?» አሏት።

«አይደለም ሲስተር። ከሆዴ ነው የተነሳው። ትከሻዬ ድረስ ያመኛል።»

ሲስተር የዓይኗን ቆብ ገልብጠው አዩ፤ የወር አበባዋ መቼ እንደቀረ ጠየቋት። «አላስታውስም» አለች አብርሆት። ሴትዮዋ ሌላ ሳይጠይቁ ሐኪሙን ሊጠሩ ሮጡ።

ጽንሱ ከማኅፀን ውጪ ነበር። ያረፈበት የማኅፀን ቱቦ ፈንድቶ ደም ሆዷ ውስጥ ሲፈስ ቆይቷል። ቀዶ ጥገና ገባች፤ ተድላ ደም ሰጠ፤ ተረፈች።

ስትነቃ የነገሯት ሲስተር ታንጉት ናቸው። ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነበር ያጣችው። ድካሙን፣ የጡቷን ሕመም፣ የእህሉን ሽታ አስታወሰች። ገላዋ ሲነግራት ሰንብቷል፤ እሷ ግን የፈራችውን እንጂ ያልጠበቀችውን አልሰማችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

ተድላ ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ብርድ ልብሷን ሊያስተካክል ጀምሮ ተወውና ደረቱን በመዳፉ ያሽ ጀመር።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«እንጃ። ጠዋት ስላልበላሁ ይሆናል። ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነኝ ይመስላል።»

አብርሆት እጁን ወደራሷ ሳበችው።

«ፈርተህ ነው ተድላ።»

«እኔ?» አለ። ከዚያ ራሱን አልጋው ላይ ደፋ፤ ትከሻው ሲነቃነቅ እሷ ጀርባውን ታሻሸው ጀመር።