ሁለት ጣት ማሊያ

የክለቡ ጽሕፈት ቤት ለተጫዋቾች፣ ለደጋፊዎችና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ በታላቅ አክብሮት እንዳስታወቀው፣ የማክሰኞው ልምምድ እንደወትሮው ማክሰኞ ይካሄዳል።

ማስታወቂያው ማኅተም አርፎበት መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል። በረኛው ደጋግሞ አነበበው። ማክሰኞ ልምምድ መኖሩን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። እንደወትሮው ነው ተብሎ በማኅተም ከተነገረ ግን እንደወትሮው ያልሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

እንደወትሮው ያልሆነው ሙጫ ነበር።

ሙጫ የቡድኑ የመሀል ተከላካይ፣ የበረኛው እህት ባል ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው የተሰጠው አጥቂ ላይ ተጣብቆ ስለሚውል ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ዳኛው ፊቱን ሲያዞር የአጥቂውን ማሊያ ጫፍ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ ያደርጋል። አይጎትትም፤ መጎተት የጀማሪ ነው። ዓይኑ ኳሷ ላይ፣ ጣቱ ሰውዬው ላይ። «ማሊያ አይዋሽም» ይላል። «ወዴት ሊሄድ እንዳሰበ ከባለቤቱ ቀድሞ ይነግርሃል።»

ዕድሜውን ሙሉ ሲይዘው የኖረው የጎረቤቱን ክለብ ዘጠኝ ቁጥር፣ ሹልኬን ነበር። ሹልኬ እንደ ቅጽል ስሙ ነው፤ አለ ሲሉት የለም፣ የለም ሲሉት በረኛው አፍንጫ ሥር ተገትሮ ዓይን ይጋርዳል። ሜዳ ላይ ተሰዳድበው አይጠግቡም።

«አንተ መዥገር! ሚስትህን እንኳ እንዲህ ይዘሃት አታውቅም!»

«እሷ አትሸሽማ!»

ክረምት ላይ ሹልኬ ሞተ። ጠዋት ታኬታውን እያሰረ ሳለ ልቡ ቆመች፤ በቃ። የእሱ ክለብ ዘጠኝ ቁጥርን ሌላ ሰው እንዳይለብሳት ወስኖ ሰቀላት። ሙጫም ቀብር ሄደ፣ አለቀሰ፣ ልምምድ ገባ። ሁለት ጣቱ ግን እንደቆነጠጠ ቀረ።

ማንም በሌለበት ቦታ አየር ቆንጥጦ ይቆማል። አንዳንዴ ክንዱ ድንገት ውጥር ይልና ወደ ፊት ተንደርድሮ ይሄዳል፤ በራሱ እግር የሚሄድ ሰው ደግሞ እንደዚያ አይሄድም።

ሁሉም አላየሁም አለ። ወጌሻው «ትከሻው ላይ ነርቭ ይይዘዋል» አለ። አሰልጣኙ «አዲስ አጨዋወት ነው» አለ። ጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ለጠፈ። በረኛው ግን ሁሉንም አስከነዳ፤ ጭራሽ ምንም አላለም።

እህቱ ዘንድ ሲሄድ ልብስ እያሰጣች አገኛት።

«ሶፋው ላይ ጎኑ ሰው አያስቀምጥም» አለችው፣ መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደያዘች። «ቴሌቪዥን እያየ ‹ዝም በል እስቲ› ይላል። ከዚያ ደግሞ ይስቃል።»

«ቢስቅ ምናለበት?»

«እንካ፣ ይሄንን ጣቱ መሀል አገኘሁት።» አረንጓዴ ክር ነበር። የሙጫ ክለብ ነጭ ነው የሚለብሰው፤ አረንጓዴው የነሹልኬ ነው።

«ከፎጣ ነው» አለ በረኛው።

«እኔም ከፎጣ ነው ብያለሁ» አለች። ገመዱ ላይ የተሰጡትን ፎጣዎች አዩዋቸው። ሁሉም ነጭ ናቸው።

«ስማኝ ወንድሜ፣ ከሜዳ ካወጡት ያልቅብኛል። ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ከኋላው ያለኸው አንተ ነህ፤ በእሱ በኩል ጎል እንዳይገባ አድርግልኝ።»

«አይገባም» አለ። በረኛ እንዲህ ያለ ቃል እንደማይሰጥ ግን ያውቃል።

ከነሹልኬ ክለብ ጋር በተጫወቱ ዕለት አሰልጣኙ በረኛውን ጓንቱን እያጠለቀ ሳለ ወደ ጥግ ወሰደው።

«ዛሬ በዚያ ሰውዬ ጥፋት ጎል ከገባ፣ እቀይረዋለሁ፤ ተመልሶም አይገባም። እኔም ዓይን አለኝ።»

«ምን አየህ ኮች?»

«ምንም። አንተስ?»

«ኧረ ምንም።»

ጨዋታው ያለ ጎል ሊያልቅ ሲቃረብ ሙጫ ቦታውን መልቀቅ ጀመረ። ክንዱን ወደ ጎሉ ዘርግቶ፣ ሁለት ጣቱን ገጥሞ፣ ቀስ በቀስ ወደ በረኛው መጣ። የተቃራኒው አስር ቁጥር ከሩቅ ለጋ። እህቱም ብትሆን የማታስገባት ደካማ ኳስ ነበረች። በረኛው ግን መሀል ላይ ጠፋችበት። የጨለመ ነገር የለም፣ የቆመ ሰው የለም፤ ኳሷ ብቻ አልነበረችም። ስትመለስ መረብ ውስጥ ናት።

ስታዲየሙ ፈነዳ። አሰልጣኙ ወደ ተቀያሪዎቹ ዞሮ «አውልቅ!» ብሎ ጮኸ። ሙጫ ባዶውን እጁን ሽቅብ አንስቷል፤ ጎል የገባበት ተከላካይ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ለወጉ።

የመስመር ዳኛው ባንዲራ ተነሳ።

የመስመር ዳኛው ጡረታ የደረሰ፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው። ዋናው ዳኛ ሮጦ ሄደ።

«ማነው ከጨዋታ ውጪ?»

«ዘጠኝ ቁጥር። በረኛውን ጋርዶታል።»

ብሎ ከጨረሰ በኋላ ነው ራሱ ያለውን የሰማው። ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ባንዲራውን ግን አላወረደም። ዋናው ዳኛ አረንጓዴዎቹን በዓይኑ ለቀማቸው፤ ሰባት አለ፣ አስር አለ፣ አስራ አንድ አለ። የተቃራኒው አምበል ሊጨቃጨቅ አፉን ከፍቶ ደርሶ ነበር። ቀስ ብሎ ዘጋው።

«እሱማ» አለ ሣሩን እያየ፣ «መቼም ቀድሞ መቆም አይተውም።» ጓደኞቹን በእጁ ወደ ኋላ መለሳቸው። አንድም የተከራከረ የለም።

ፊሽካ ተነፋ። ጎሉ ተሻረ፤ ቅጣት ምት። ተቀያሪው ማሊያውን ግማሽ እንደለበሰ መስመሩ ላይ ቆሟል፤ አሰልጣኙ የጫማውን ክር ይመረምራል።

በረኛው ኳሷን አስቀመጠ፣ ለመንደርደር ወደ ኋላ ሄደ፣ ቆመ። ሹልኬ እንዲህ ባለ ጊዜ ፊቱ ተደንቅሮ ኳስ ማዘግየት ይወድ ነበር።

«ሹልኬ» አለ፣ ሁሉም እየሰማው፣ «ዞር በልልኝ እንጂ።»

ሙጫ መጎተት አይወድም። ሁለት ጣቱን በቀስታ ወደ ጎን ሳብ አደረገ።

በረኛው ኳሷን ለጋት።